የደም ነቀርሳ ስለያዛቸው ሕፃናትና ስለ ወላጆቻቸው ጽናት

የሐዋሳ ከተማ በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር ስትቆረቆር፥ ሠለጠነ በሚባለው ዓለም እንኳ የደም ነቀርሳ ከያዛቸው 100 ሕፃናት መካከል የሚተርፉት 4 ያህል ብቻ ነበሩ። የታመመው ልጅ የባለጠጋም ይሁን የድኻ፥ የለንደንም ይሁን የሲዳማ፥ መጨረሻው አንድ ነበረ። እኔ ይህን ያስተዋልሁት በእርጅናዬ ነው። ስለ ከተማችን አመሠራረት ጥቂት ለመጻፍ አስቤ የዚያን ዘመን ነገር ስመረምር፥ ሐዋሳና የዚህ በሽታ ሕክምና እኩዮች መሆናቸውን አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ የከተማችንን ታሪክ ትቼ የበሽታውን ታሪክ ሳነብ ከረምሁ፤ ያነበብሁበትም ምክንያት አለኝ፤ እርሱንም ወደ ኋላ እናገራለሁ። የውጭውን አገር ዘመን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌዋለሁና አንባቢ እንዳይሳሳት እለምናለሁ።

አስቀድሜ በሽታው ምን እንደ ሆነ ልናገር። ደማችን የሚሠራው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ነፍስ የሚያድሰውን አየር ተሸክሞ የሚዞረው ቀዩ ሕዋስ፥ ተላላፊ በሽታን የሚዋጋው ነጩ ሕዋስ፥ ቁስል ሲደማ ደሙን የሚያረጋው ሕዋስ ሁሉም የሚወለዱት በዚያ ነው። የደም ነቀርሳ ማለት ያልበሰለ ነጭ ሕዋስ ያለ ልክና ያለ ሥርዓት እየበዛ መቅኔውን ሲሞላው ነው። አረም የዋጠው የጤፍ ማሳ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ አረሙ ጤፉን አይበላውም፤ ቦታ ነሥቶ ይገድለዋል እንጂ። ስለዚህ ልጁ ቀይ ሕዋስ ሲያንሰው ይገረጣል፥ ይደክማል፤ ደም አርጊው ሲያንሰው ድዱና አፍንጫው ይደማል፥ ሳይመታ ሰውነቱ ይበልዛል፤ ጤነኛው ነጭ ሕዋስ ሲያንሰው ትኩሳቱ አልበርድ ይላል። መቅኔው ስለ ተጨናነቀም አጥንቱን ያመዋል፤ አንዳንዱ ልጅ ያነክሳል። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በወላጅ ኃጢአትም የመጣ አይደለም። ይህን የምጽፈው ጎረቤት ስለሚያማ ነው።

በሽታውን እንግሊዛዊው ቤኔት በኤዲንበርግ፥ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርኾ በበርሊን እ.ኤ.አ. በ1845 ገልጸው ጻፉት። ቪርኾ ከሁለት ዓመት በኋላ በግሪክ ቃል «ሉኬሚያ» አለው፤ ትርጓሜው ነጭ ደም ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ታወቀ። ስሙ ከታወቀ በኋላ ግን ሐኪሞች 100 ዓመት ሙሉ ስሙን ለወላጅ ከመንገር በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር ሊያደርጉ አልቻሉም።

በእኛ አገር ደግሞ ስሙን ለመስማት እንኳ ብዙ መንገድ አለ። ከሐዋሳ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆው ሁሉ ወባ ስላለ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ሁሉም «ወባ ነው» ይለዋል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። የጎረቤቴ ልጅ በ2011 ዓ.ም. በ5 ዓመቷ ትኩሳት ሲጀምራት የወባ መድኃኒት ተሰጣት። ቀጥሎ ታይፎይድ ነው ተባለ፤ ቀጥሎም የደም ማነስ። ጸበልም ተወሰደች። አንድ ቀን ጠዋት እናቷ ፊቷን ልታጥባት ብታነሣት ትራሱ በደም ርሶ አገኘችው። ደሟ በሚገባ የተመረመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወደ አዲስ አበባም ተላከች። ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም፤ በሽታው በመጀመሪያው ወር ሁሉንም ይመስላልና።

አሁን ታሪኩን ልቀጥል። በቦስተን ከተማ በሕፃናት ሆስፒታል ሲድኒ ፋርበር የሚባል ሐኪም ነበረ። ሥራው የሞቱትን ልጆች አስከሬን እየመረመረ የሞታቸውን ምክንያት ማወቅ ነበር። ይህ ሰው ሁልጊዜ ከሞት በኋላ መድረስ መረረው። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ደም እንደሚያበዛ ስለ ታወቀ፥ የዚያን ዓይነት መድኃኒት ለታመሙት ልጆች ሰጠ፤ በሽታው ግን ባሰባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ቆም ብሎ ይተወው ነበር። ፋርበር ግን «ይህ ቫይታሚን በሽታውን የሚቀልበው ከሆነ፥ ቫይታሚኑን የሚከለክል ነገር በሽታውን ያስርበዋል» ብሎ አሰበ። ያን የሚከለክል መድኃኒት ያገኘው የላካቸው በሌደርሌ ኩባንያ ውስጥ ሥራውን ይመራ የነበረው ህንዳዊው የላፕራጋዳ ሱባራው ነው። ሱባራው ወንድሞቹ በበሽታ የሞቱበት፥ ከድኻ ቤት የወጣ ሰው ነበር፤ የሥራውን ፍሬ በሚገባ ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1948 ሞተ። ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው፤ እኔ ግን ከፋርበር አሳንሼ አላየውም።

ፋርበር በዚያው በ1948 ባወጣው ጽሑፍ አሚኖፕተሪን የተባለውን መድኃኒት ለ16 ልጆች እንደ ሰጠና 10ሩ እንደ ተሻላቸው ገለጸ። ተሻላቸው ማለት ትኩሳቱ በረደላቸው፥ መብላትና መጫወት ጀመሩ ማለት ነው። በዓለም ላይ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ነገር ግን ጥቂት ወራት ቆይቶ በሽታው ተመለሰ። አንዳንዶቹ የሙያ ጓደኞቹም «ልጆቹን በሰላም እንዲሞቱ አትተዋቸውም ወይ» እያሉ ነቀፉት።

የፋርበር ስም በመጻሕፍት ሁሉ ይገኛል። የእነዚያ 16 ልጆች ወላጆች ግን እምብዛም አይታወሱም። እኔ የማስበው ስለ እነርሱ ነው። ከእነርሱ በፊት ይህን መንገድ ሄዶ የተመለሰ የለም፤ «የእገሌ ልጅ ድኖበታል» ብሎ የሚያጽናናቸው ጎረቤት የለም። መድኃኒቱ አፍ የሚያቆስል፥ አንጀት የሚያሳምም መሆኑን እያዩ ልጃቸውን ሰጡ። ያተረፉት ጥቂት ወር ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ልጅ ሲድን፥ የዳነው ስማቸው ባልተጻፈ እናቶችና አባቶች ጭምር ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ መድኃኒት በመድኃኒት ላይ ተጨመረ። አያቷ በነቀርሳ ሲሞቱ አይታ በ15 ዓመቷ ኬሚስትሪ ለመማር የቆረጠችው ጌርትሩድ ኤልየን ከጆርጅ ሂቺንግስ ጋር መርካፕቶፑሪንን አወጣች፤ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ሕፃናት ይወስዱት ጀመር። ይህች ሴት የዶክተርነት ማዕረግ ሳትማር በ1988 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ቪንክሪስቲን የተባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ የተገኘው ለጌጥ ከሚተከል፥ ሐምራዊ አበባ ካለው ከማዳጋስካር ተክል ነው፤ በ1963 በሥራ ላይ ዋለ። ከአፍሪካ አፈር የበቀለ ቅጠል ወደ አሜሪካ ሄዶ፥ ተጣርቶ፥ በጠርሙስ ሆኖ፥ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ወደ እኛ ይመለሳል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይገርመኛል፤ ቅር ይለኛልም።

በዋሽንግተን አጠገብ ባለው የመንግሥት የነቀርሳ ተቋም ደግሞ ኤሚል ፍራይራይክ የተባለ ሐኪም በዚያ ዘመን የልጆቹ አልጋ፥ የነርሶቹም ልብስ በደም ይርስ እንደ ነበር ተናግሯል። ልጆቹን ከነቀርሳው ቀድሞ የሚገድላቸው መድማቱ ነበርና። እርሱም ከጤነኛ ሰው የተወሰደ ደም አርጊ ሕዋስ ቢሰጣቸው መድማቱ እንደሚቆም አሳየ። ከዚያም ከባልደረባው ከኤሚል ፍሬይ ጋር ሆኖ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አራቱን መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ መስጠት ጀመረ። አንዱ መድኃኒት ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ልብ ልንለው የሚገባ ግን የሜምፊሱ ሐኪም የዶናልድ ፒንከል ሥራ ነው። ዳኒ ቶማስ የተባለ የሊባኖስ ዘር ያለው ተዋናይ ገንዘብ ለምኖ ቅዱስ ይሁዳ የተባለውን የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1962 በሜምፊስ አስከፈተ፤ ይኸውም ሐዋሳ በተቆረቆረች በሁለተኛው ዓመት ነው። ጥቁርና ነጭ በአንድ ሆስፒታል በማይተኙበት አገር ሁሉንም ልጅ በአንድነት ተቀበለ፤ ገንዘብም አላስከፈለም። ፒንከል ራሱ በፖሊዮ ታሞ የተነሣ ሰው ነበር። እርሱም ይህን ጠየቀ፤ «በመጀመሪያው ወር መድኃኒት ልጆቹ ይሻላቸዋል፤ ታዲያ በሽታው የሚመለሰው ከየት ተደብቆ ነው?» መልሱም ሁለት ሆነ። አንደኛው፥ ሕመሙ መድኃኒት በማይደርስበት በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ይሸሸጋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ በዚያም መድረስ አለበት። ሁለተኛው፥ ልጁ የዳነ ሲመስል በመቅኔው ውስጥ በምርመራ የማይታይ ቅሪት አለ፤ ስለዚህ ልጁ እየሮጠ እየተጫወተ ሳለ ሕክምናው ሁለትና ሦስት ዓመት መቀጠል አለበት። በዚህ ዓይነት በ1967 በጀመረው ሕክምና ከታመሙት ልጆች እኩሌታው ዳኑ። ዛሬ በባለጠጎቹ አገሮች ብዙውን ጊዜ ልጆችን ከሚይዘው ዓይነት ከ100 ልጆች 90 ያህሉ ይድናሉ።

አንባቢዬ ይህን ሁለተኛውን መልስ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የምጽፈው ስለ እርሱ ነውና።

ወደ አገራችን ስመለስ፥ በአገራችን የዚህ ታሪክ መጀመሪያ አንድ ሕፃን ነው። ማቴዎስ ወንዱ የተባለ ልጅ በደም ነቀርሳ ታሞ በሕፃንነቱ ዐረፈ። አባቱ አቶ ወንዱ በቀለና እናቱ ወይዘሮ አምሳለ በየነ ልጃቸውን ከቀበሩ በኋላ በራቸውን ዘግተው ቢያለቅሱ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እነርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 በልጃቸው ስም ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ በአገራችን ነቀርሳ በሹክሹክታ የሚነገር፥ ቤተሰብ የሚደብቀው ነገር ነበር። የአንድ ልጅ ስም በአደባባይ ሰሌዳ ላይ «ካንሰር» ከሚለው ቃል አጠገብ ተጽፎ መታየቱ ብቻውን ብዙ ሰው ከመደበቅ አውጥቷል ብዬ አምናለሁ። ሶሳይቲው ከጠቅላይ ግዛት የሚመጡትን ሕሙማን በመርዳት፥ ትምባሆን በመከላከልም ሠርቷል።

እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፥ አስላን ፕሮጀክት የተባለ የውጭ ድርጅት እያገዘ፥ የሕፃናትን ነቀርሳ ብቻ የሚያክሙ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በአገራቸው መሠልጠን ጀመሩ፤ በኋላም በጅማ እንዲሁ ክፍል ተከፈተ። በዚያው ዘመን ተስፋ አዲስ የተባለ የወላጆች ድርጅት ተቋቁሞ ከሩቅ ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎች ማደሪያና ምግብ ይሰጥ ጀመር። ማደሪያ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ በሻሸመኔ፥ በአርሲ ነገሌ፥ በዝዋይ፥ በሞጆ አድርጎ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መድኃኒቱ በነጻ ቢገኝ እንኳ፥ አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ሰው ከልጁ ጋር የት ያድራል? የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 400,000 ያህል ልጆችና ወጣቶች ነቀርሳ ይይዛቸዋል፤ በባለጠጋ አገር ከ100 ከ80 በላይ ሲድኑ፥ በድኻ አገር የሚድኑት ከ30 አይበልጡም። ድርጅቱ በ2018 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ በዓለም ደረጃ ቢያንስ 60 ይድኑ ብሏል። የልዩነቱም ምክንያት የመድኃኒት እጥረት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ወላጆች ሕክምናውን ጀምረው ያቋርጡታል።

ለምን እንደሚያቋርጡ ደግሞ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤቴ ቤት ተማርሁ።

የልጅቱ አባት ባጃጅ ነጂ ነው። በመጀመሪያው ወር ባጃጁን ሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ባጃጅ በቀን ሒሳብ ይነዳል። እናትየዋ አዲስ አበባ ስትቀር ሁለቱን ትልልቅ ልጆች ጎረቤት አበላቸው። እኔም አንድ ጊዜ ዓይኔን ልታይ ስሄድ ልጅቱን በሆስፒታል ጎበኘኋት። ጠጉሯ ረግፎ፥ ፊቷ ከመድኃኒቱ የተነሣ አብጦ ነበር። ከወገቧ ላይ መርፌ ሊወጉላት ሲወስዷት አላለቀሰችም፤ «እስከ ስንት ልቁጠር?» ብላ ነርሷን ጠየቀቻት። እስከ 40 ቁጠሪ አሏት። ስትመለስ «እስከ 27 ብቻ ነው የቆጠርሁት» ብላ ደስ አላት። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ «አባባ፥ እማዬ ምሳ አልበላችም» አለችኝ። የ5 ዓመት ልጅ ናት።

በአራተኛው ወር ልጅቱ ወደ ሐዋሳ ተመለሰች። ጠጉሯ በቀለ፤ ገላዋ ወዛ፤ ከልጆች ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ሄዳ አባ ኮዳዎቹን ስታባርር ውላ መጣች። ያን ጊዜ ፈተናው ጀመረ። መድኃኒቱ በየቀኑ ይዋጣል፤ ሌላው በየሳምንቱ ይወሰዳል፤ በየጊዜውም አዲስ አበባ መሄድ አለ። አክስቶቿ መጥተው «ልጅቱን እግዚአብሔር ምሮልን ሳለ ለምን በመርዝ ታሠቃዩአታላችሁ?» አሉ። እናትየዋም ወደ እኔ መጥታ፥ «ጋሼ፥ ምን ልበላቸው? እየሳቀች እያዩዋት ታማለች ብላቸው ማን ያምነኛል?» አለችኝ።

እኔም የመለስሁላትን እዚህ ስጽፍ አፍራለሁ። የተማርሁ ነኝ፤ ሰውም ምክር ይጠይቀኛል። «ጥቂት ጊዜ ብታሳርፏትስ? ገንዘቡም ይጠራቀማል፤ ካመማት ትመለሳላችሁ» አልኋት። መልካም ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

ባሏ ማታ ሲገባ ነገረችው። እርሱም ወደ ቤቴ መጣ፤ ቆብ አውልቆ ቆመ፤ ተቀመጥ ብለው አልቀመጥም አለ። የቀጠሮውን ካርድ ከደረት ኪሱ አውጥቶ አሳየኝና «ጋሼ፥ እርስዎን አከብራለሁ። ነገር ግን ሐኪሙ ቀኑን የጻፈው ልጄ እንደምትስቅ እያወቀ ነው። እኔ ይህን ቀን አላሳልፍም» አለኝ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ስለ ሜምፊስና ስለ ፒንከል የሰማው ነገር የለም። እኔም ያን ጊዜ አልሰማሁም ነበር። መጻሕፍት ፈልጌ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ ማታ በኋላ ነው፤ ሳነብም የመከርሁት ምክር ምን እንደ ነበረ ገባኝ። ልጅቱን አሳርፏት ማለቴ፥ ከፒንከል ዘመን አንሥቼ ወደ 1948 ልመልሳት ነበር፤ ተሽሏቸው ጥቂት ወር ተጫውተው ወደ ሞቱት ልጆች ዘመን።

በሆስፒታሉ ከእርሷ አልጋ አጠገብ የተኛ፥ ከደቡብ የመጣ የ7 ዓመት ወንድ ልጅ ነበር። እርሱም እንደ እርሷ በመጀመሪያው ወር ተሻለው። አባቱ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ደረሰበት፤ ቤቱ ሌሎች 4 ልጆች ትቷል፤ በሬውን ሸጧል፤ ዕዳ አለበት። ልጁ ሲሮጥ አየው፤ እግዚአብሔርን አመስግኖ ይዞት ገባ። በስምንተኛው ወር ይዞት ሲመለስ በሽታው መድኃኒቱን የማይሰማ ሆኖ ነበር። ልጁ ሞተ። ይህን አባት ሰነፍ ነው፥ ልጁን አይወድም የሚል ሰው ቢኖር እኔ አልሰማውም። እኔ የመከርሁትን ነው ያደረገው። ከጎረቤቴ የሚለየው የሚያሳድር ቤት፥ ልጆቹን የሚያበላ ጎረቤት፥ ቀኑን የሚያስታውስ ሰው በማጣቱ ነው። ጽናት ከልብ ብቻ ይመነጫል የሚሉ መምህራን ነበሩን፤ እኔም ለተማሪዎቼ እንዲሁ አስተምሬያለሁ። አሁን ግን ጽናት የአውቶቡስ ዋጋም፥ ራትም እንደሚያስፈልገው አይቻለሁ።

ጎረቤቴ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለሳችሁ ብለው «ቆጥሬ አላውቅም፤ ብቆጥረው ይደክመኝ ነበር» አለኝ። መንገድ በተዘጋበት ጊዜም ሄደዋል፤ መድኃኒቱ ከገበያ ጠፍቶ ፋርማሲ ለፋርማሲ የዞረበትም ጊዜ ነበር። ደም ባስፈለጋት ጊዜ የባጃጅ ነጂዎች ማኅበር ልጆች ተራ ገብተው ሰጡ፤ ከእነርሱ አንዱ መርፌ ፈርቶ ሲንቀጠቀጥ ሌሎቹ ይዘውት እንደ ሳቁ እስካሁን ያወሩታል። ልጅቱ በ2014 ዓ.ም. መድኃኒቱን ጨረሰች። ሐኪሞቹ አሁንም በዓመት በዓመት ያዩዋታል። ደብተሯን ይዛ በደጃፌ ስታልፍ «አባባ ደኅና አደሩ» ትለኛለች፤ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት፤ መቁጠር ቀድማ የጀመረች ናትና አይደንቀኝም።

አባቷ አሁን እንደ ገና የራሱ ባጃጅ አለው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩ ሲነሣ እሰማለሁ። የሚሄደው ወደ መናኸሪያ ነው። ከይርጋለም፥ ከዲላ፥ ከበንሳ የታመመ ልጅ ይዘው መጥተው ሐዋሳ ያደሩ ወላጆች ሲኖሩ፥ ስልኩን ከሰው ሰምተው ይደውሉለታል፤ እርሱም ካደሩበት እያነሣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ዘንድ ያደርሳቸዋል፤ ሒሳብ አይቀበልም። ባለፈው ጥር አንድ ቀን አብሬው ሄድሁ። አንዲት ሴት የ3 ዓመት ያህል ልጅ አዝላ ቆማ ነበር፤ ልጁ ተሽሎት ከረሜላ ይበላል። ጎረቤቴ ቦርሳዋን ጭኖላት ሲያበቃ «ካርዱን ይዘሻል እቴ?» አላት። ከመቀነቷ ፈታ አሳየችው። በመብራት አጠገብ አድርጎ ቀኑን አነበበና መለሰላት።